አኩፓንቸር በሱስ ሕክምና ውስጥ፦ የትኛው ዓይነት፣ ለየትኛው ሱስ፣ ከምን ጋር?

ለልጁ፣ ለወንድሙ ወይም ለራሱ የሱስ ሕክምና የሚያፈላልግ ሰው፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች፣ ከማገገሚያ ማዕከላት የአገልግሎት ዝርዝር ውስጥ አኩፓንቸር የተባለውን የቻይና የመርፌ ሕክምና ደጋግሞ ያገኘዋል። አንዳንዱ ማዕከል ከመድኃኒትና ከምክር አገልግሎት ጎን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ማረጋጊያ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሌላው ደግሞ ያለ መድኃኒት፣ በተፈጥሯዊ መንገድ ከሱስ የሚያላቅቅ ዋና ሕክምና አድርጎ ያስተዋውቀዋል። ሁለቱ ማዕከላት የሚጠቀሙበት መርፌ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ለታማሚው ሕይወት ያላቸው ትርጉም ግን በእጅጉ የተራራቀ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚነጻጸሩት የመርፌ ዓይነቶች ብቻ አይደሉም፤ መርፌው የተጨመረበት ሕክምና መርፌው ሌላውን ከተካበት ሕክምና ጋርም ይነጻጸራል። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ይታወቅ ዘንድ፦ የመጀመሪያውን በጥንቃቄ እደግፋለሁ፤ ሁለተኛውን፣ በተለይ ለሄሮይን፣ ለፈንታኒልና ለከባድ የአልኮል ሱስ፣ አጥብቄ እቃወማለሁ።

አሠራሩ ከየት መጣ?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሆንግ ኮንግ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ኤች ኤል ዌን፣ ለቀዶ ሕክምና ሕመም ማስታገሻ ብለው በመርፌ ላይ ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ሲሠሩ፣ የኦፒየም ሱስ የነበረባቸው ታማሚዎች ዕፁ ሲቋረጥ የሚመጣባቸው ሥቃይ እንደቀለላቸው ሲናገሩ ሰሙ። በ1973 ከባልደረባቸው ጋር በ40 ሰዎች ላይ ያዩትን አሳተሙ። ጥናቱ የሚነጻጸር ቡድን አልነበረውም፤ ዜናው ግን በፍጥነት ኒውዮርክ ደረሰ።

በኒውዮርክ ደቡብ ብሮንክስ የሚገኘው የሊንከን ሆስፒታል የሱስ ማስወገጃ ክፍል በ1970 ሲከፈት፣ ያንግ ሎርድስ የተባሉት የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ንቅናቄና አጋሮቻቸው የሆስፒታሉን ከፊል ይዘው ባደረጉት ትግል የተገኘ ነበር። ክፍሉ ሲጀምር የሚሠራው ሜታዶን በተባለው፣ ሄሮይንን ተክቶ ሐራራውን በሚያበርድ መድኃኒት ነበር። ሆኖም ብዙዎቹ የንቅናቄው አባላት ሜታዶንን ጥቁሮችንና ላቲኖዎችን ጸጥ የሚያሰኝ የመንግሥት ልጓም አድርገው ይመለከቱት ስለነበር፣ መርፌውን ሲያገኙ በሙሉ ልብ ተቀበሉት። ሙቱሉ ሻኩር የተባለው የፖለቲካ አራማጅና በኋላ ክፍሉን የመሩት የሥነ አእምሮ ሐኪም ማይክል ስሚዝ ከሌሎች ጋር አሠራሩን አቃለሉት፦ ኤሌክትሪኩ ቀረ፤ መርፌዎቹም በእያንዳንዱ ጆሮ ላይ በአምስት ነጥቦች ተወሰኑ። ይህን የአምስት ነጥብ አሠራር የሚያስተምረው ናዳ የተባለ ብሔራዊ ማኅበር በ1985 ተቋቋመ። በ1989 ማያሚ ላይ የተከፈተው የመጀመሪያው የአሜሪካ የዕፅ ፍርድ ቤትም ተከሳሾችን ወደ ሕክምና ሲልክ መርፌውን ከፕሮግራሙ ውስጥ አካቶት ነበር።

ይህን ታሪክ ማወቅ ለምርጫው ይጠቅማል። ዛሬም አንዳንድ ማዕከላት ሜታዶንን «አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው» ብለው ሲያጣጥሉ፣ የሚናገሩት ከሕክምና ማስረጃ ተነሥተው ሳይሆን ከዚያ ዘመን ከወረሱት ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬው በቦታውና በጊዜው ምክንያት ነበረው፤ ድሃ ሰፈሮች በመንግሥት ሕክምና ላይ እምነት የሚያጡበት በቂ ልምድ አይተዋል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በተሰበሰበው ማስረጃ ፊት ሊቆም አልቻለም።

የሚቀርቡት ዓይነቶች

በብዛት የሚገኘው የጆሮ አምስት ነጥብ አሠራር ነው። ታማሚዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ክብ ሠርተው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ቀጫጭን መርፌዎች በጆሯቸው ውጫዊ ክፍል ላይ ይገባሉ፤ ከዚያ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በጸጥታ ይቆያሉ። ልብስ ማውለቅ የለም፤ ስለ ራስ መናገርም አያስፈልግም። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። እንግሊዝኛው ለማይመቸው፣ ወይም በሰው ፊት ስለ ሱሱ ለመናገር የሚያፍር አበሻ፣ በቡድን የምክር ክፍለ ጊዜ ዝም ብሎ ከሚሣቀቅ ይልቅ ዝምታው ራሱ ሕክምና በሆነበት ክፍል ውስጥ መጀመር ሊቀለው ይችላል። ዋጋውም ዝቅተኛ ነው፤ አንድ ሠልጣኝ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ማስተናገድ ስለሚችል ብዙ የሕዝብ ክሊኒኮች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጡታል።

የመላ አካል አኩፓንቸር ደግሞ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አንድን ታማሚ ለብቻው አስተኝቶ፣ በእጅ፣ በእግር፣ በሆድና በጀርባ ነጥቦች ላይ የሚሠራው ነው። ከሱሱ ጋር የጀርባ ሕመም ወይም የእንቅልፍ እጦት ላለበት ሰው ይህኛው ይበልጥ ትርጉም ይሰጣል፤ በተለይ ሱሱ የጀመረው ለሕመም ከታዘዘ ክኒን ከሆነ። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ከ2020 ጀምሮ አኩፓንቸርን የሚሸፍነው ለቆየ የታችኛው ጀርባ ሕመም ብቻ ነው፤ ለሱስ አይሸፍንም።

ሦስተኛው ኤሌክትሮአኩፓንቸር ነው። በመርፌዎቹ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለቀቃል። እንዴት ሊሠራ እንደሚችል የተሻለ የላብራቶሪ ማብራሪያ ያለውም ይኸው ነው፦ የቤጂንጉ ተመራማሪ ሃን ጂሼንግ ባልደረቦቻቸውን ይዘው ለዓመታት ባደረጉት ምርምር፣ በሰከንድ 2 ጊዜ የሚመታ ፍሰትና በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመታ ፍሰት ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸውን የተለያዩ ኦፒዮይድ መሰል (እንደ ኦፒየምና ሞርፊን ያሉ) ንጥረ ነገሮች እንደሚያስለቅቁ አሳይተዋል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ግን ይህን ዓይነት መውሰድ የለበትም።

ከአኩፓንቸር ጋር የሚቀላቀል፣ ግን የተለየ ነገርም አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በኅዳር 2017 ኦፒዮይድ ሲቋረጥ ለሚመጣው ሕመም ማስታገሻ እንዲሸጥ የፈቀደው ብሪጅ የተባለው መሣሪያ ከጆሮ ጀርባ ተለጥፎ የጆሮ ነርቮችን ለአምስት ቀን ያህል በኤሌክትሪክ ይነካካል። ፈቃዱ በ73 ታማሚዎች መረጃ ላይ ተመሥርቷል፤ ከእነርሱ 64ቱ ከአምስቱ ቀን በኋላ ወደ መድኃኒት ሕክምና ተሸጋግረዋል። መሣሪያው ድልድይ እንዲሆን የታሰበ ነው፤ አሻጋሪ መድኃኒት በሌለበት ማዕከል መግዛቱ ትርፉ ጥቂት ነው።

በኦፒዮይድ ሱስ፦ ስሕተት ሞት የሚያስከትልበት ምርጫ

ሄሮይን፣ ፈንታኒል፣ ኦክሲኮዶንና የመሳሰሉት ሲቋረጡ ሰውየው ላብ ያጠምቀዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ያስመልሰዋል፤ ሆዱን ያስቀምጠዋል፤ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፤ እንቅልፍም ይነሣዋል። ሕመሙ ጽኑ ቢሆንም በራሱ አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም። የሚገድለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ሰውነቱ የለመደውን መቻል ካጣ በኋላ ሰውየው ቀድሞ ይወስደው የነበረውን ያህል አንዴ ቢወስድ ትንፋሹ ይቆማል። ስለዚህ «በአሥር ቀን ከዕፁ አጠራነው» የሚል ማዕከል የሕክምናውን ቀላል ክፍል ሠርቶ ከባዱን ለቤተሰቡ ትቷል።

ሜታዶንና እንደ እርሱ ለኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጠው ቡፕረኖርፊን ከሌላው ሕክምና የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በ2017 ያወጣው ከ122,000 በላይ የሜታዶን ታማሚዎችን ያካተተ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ በሕክምናው ላይ ባሉበት ጊዜ በዓመት ከ1,000 ሰው 11 ያህሉ ሲሞቱ፣ ከሕክምናው ሲወጡ ግን ቁጥሩ 36 ደርሷል። በሕክምና ላይ መቆየት ብቻውን የሞትን አደጋ ወደ ሲሶ ያወርደዋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱን መድኃኒቶች ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባቸው በ2005 ነው። አኩፓንቸር ለብቻው ሞትን እንዲህ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ የለውም።

መርፌው ከሜታዶን ጋር ሲጨመርስ? በ2024 አናልስ ኦቭ ኢንተርናል ሜዲሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ በቻይና የተካሄደ ጥናት ሜታዶን የሚወስዱ 118 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን በእውነተኛ መርፌ፣ ግማሾቹን ለማነጻጸሪያ በሚሰጥ የይስሙላ (እውነተኛ በሚመስል) መርፌ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለስምንት ሳምንት አከመ። የሜታዶን መጠናቸውን 20 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ መቀነስ የቻሉት በእውነተኛው መርፌ 62 ከመቶ፣ በይስሙላው 29 ከመቶ ነበሩ፤ ሐራራቸውም ቀንሷል። ይህ ተስፋ ሰጪ ውጤት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፦ የሜታዶን መጠን መቀነስ ራሱ ማገገም አይደለም። ሐራራው ሳይበርድ መጠኑ ከሚያስፈልገው በታች ከወረደ ሰውየው ወደ መንገድ ዕፅ ይመለሳል። ስለዚህ መጠኑ የሚቀነሰው ታማሚው ሲፈልግና ሐኪሙ ሲስማማ ብቻ ነው፤ የመርፌ ባለሙያው ሊወስነው አይገባም።

በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ክርክር እንግዳ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በስፋት መሰጠት ሲጀምር፣ በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ምእመናን መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል እንዳይሆንባቸው ሲጨነቁ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ልጁን ጸበል የሚያስጠምቅ ወላጅ ሜታዶኑን አቋርጥ ሊለው አይገባም፤ አኩፓንቸር የሚያስደርገውም እንደዚያው።

በአልኮል ሱስ፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሐኪም

በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ መቃዠት፣ ከባድ መንቀጥቀጥና የልብ መፍጠን ሊመጣበት ይችላል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። የአረቄም ሆነ የውስኪ ልምድ ያለው፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ያንዘፈዘፈው ሰው ቦታው ሆስፒታል ነው፤ ቤንዞዳያዜፒን የተባሉት ማረጋጊያዎችና ቫይታሚን ቢ1 ያስፈልጉታል። በእነዚህ ቀናት መርፌን እንደ ምትክ የሚያቀርብ ማዕከል ካለ ሳያመነቱ ማለፍ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜስ? በ1989 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ብዙ ጊዜ አገግመው ያገረሸባቸውን 80 ሰዎች የያዘ ጥናት በእውነተኛ መርፌ ከታከሙት 40 ሰዎች 21ዱ ሕክምናውን ሲጨርሱ፣ በሌላ ነጥብ መርፌ ከተወጉት 40 አንድ ብቻ መጨረሱን ዘገበ። ብዙ ማዕከላት ዛሬም የሚጠቅሱት ይህን ነው። የማይጠቅሱት ያው ተመራማሪ ቡድን በ2002 በ503 ሰዎች ላይ ደግሞ ያካሄደውን ነው፦ በዚህ ትልቅ ጥናት እውነተኛው መርፌ ከይስሙላውም ሆነ መርፌ ከሌለው የተለመደ ሕክምና ብልጫ አላሳየም። ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ የመጠጥ ፍላጎቴ ቀንሷል ማለታቸው ግን ተመዝግቧል። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው የሚደርስበት ሚዛናዊ ግምት ይህ ነው፦ መርፌው የብዙ ሰዎችን መንፈስ ያረጋጋል፤ ከመጠጥ የመታቀብን ዕድል ግን እንደሚጨምር አልታየም። ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ለዚህ የተፈቀዱ መድኃኒቶች ናቸው፤ ብዙ ታማሚዎች ስለ መኖራቸው እንኳ ሳይነገራቸው መቅረቱ የሚያሳዝን ነው። ማዕከሉ መርፌ እያቀረበ እነዚህን የማያነሣ ከሆነ ጠይቁ።

ኮኬይንና ጫት

የመርፌው ተስፋ ከፍ ብሎ የወደቀው በኮኬይን ሱስ ነው። በ2000 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሜታዶንም የሚወስዱ 82 የኮኬይን ታማሚዎችን አጥንተው፣ በመጨረሻው ሳምንት የጆሮ መርፌ ከወሰዱት 54 ከመቶ፣ የይስሙላ መርፌ ከወሰዱት 24 ከመቶ፣ የመዝናኛ ቪዲዮ ካዩት 9 ከመቶ ከኮኬይን ነጻ ሆነው እንዳገኙ አሳተሙ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በስድስት ቦታዎች በ620 ሰዎች ላይ የተደረገው ሰፊ ጥናት ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ፤ በሦስቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልነበረም። መርፌ ታማሚዎችን በሕክምናው ያቆያል የሚለው የተለመደ አባባልም አልተደገፈም፤ ስምንቱን ሳምንት የጨረሱት በሦስቱም ቡድን ከ44 እስከ 46 ከመቶ ነበሩ። እዚህ ላይ ቆም ማለት የሚያስፈልገው፣ በዚያ ጥናት የምክር አገልግሎቱን የተከታተሉት ጥቂቶች መሆናቸው ነው። መርፌው ሊደግፈው የሚገባው ዋና ሕክምና በሳሳበት ቦታ መርፌው ብቻውን ምንም አልጨመረም።

ለኮኬይንና ለሜታምፌታሚን የተሻለ ማስረጃ ያለው ታማሚው ከዕፅ ነጻ መሆኑ በሽንት ምርመራ ሲረጋገጥ ሽልማት የሚሰጥበት አሠራርና የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። በሁለት ማዕከላት መካከል የሚመርጥ ሰው፣ አንዱ ይህን አሠራር ሌላው መርፌን የሚሰጥ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ይምረጥ።

ጫትም የአነቃቂ ዕፆች ወገን ነው። ለጫት ሱስ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ የሕክምናው መሠረት ምክርና አብሮት ያለ ድብርት ካለ እርሱን ማከም ነው። ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስቸግረው ሐራራ፣ ድካም፣ መነጫነጭና ሌሊት የሚመጣው ዱካክ ነው። ይህን ጊዜ ለማለፍ የሚያረጋጋ ነገር የሚፈልግ ሰው የጆሮ መርፌን ቢሞክር የሚያስነቅፈው የለም፤ ዋጋው ካልከበደውና ከምክሩ ካላስቀረው። በአዲስ አበባ የቻይና የሕክምና ቡድን ባለበት ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አኩፓንቸር ይሰጣል፤ የሱስን ሕክምና ግን እንደ አማኑኤል ሆስፒታል ካሉ የአእምሮ ሕክምና ተቋማት መጀመር ይገባል።

ስለ ሲጋራ ረጅም ማለት አያስፈልግም፦ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2014 ያሳተመው ግምገማ 38 ጥናቶችን መዝኖ፣ ለጥቂት ሳምንት ከሚታይ ጥቅም ያለፈ አስተማማኝ ነገር አላገኘም፤ ከኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካም ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ፕላስተሩን ወይም ሲጋራ ለማቆም የሚረዳውን ቫሬኒክሊን የተባለ ክኒን አስቀድሙ።

ማዕከሉን ስትጎበኙ

ለመወሰን ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ልጄ ቡፕረኖርፊን እየወሰደ መርፌውንም መውሰድ ይችላል?» መልሱ ያለ ማንገራገር አዎ ከሆነ መልካም። መርፌው እንዲሠራ መድኃኒቱ መቆም አለበት ካሉ፣ ወይም መድኃኒት የሚወስድን ሰው ገና እንዳልዳነ የሚቆጥሩ ከሆነ፣ ክፍሉ የቱንም ያህል ንጹሕ፣ ሠራተኞቹ የቱንም ያህል ደጎች ቢሆኑ ሌላ ማዕከል ፈልጉ። በአሜሪካ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ ልዩ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የተለመደው የቤተሰብ ሐኪምም ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ማዕከሉ መድኃኒቱን ባይሰጥም እንኳ ከሌላ ሐኪም እየወሰዱ በማዕከሉ መርፌውን መከታተል ይቻላል።

ቀጥሎ መርፌውን የሚሰካው ማን እንደሆነ ጠይቁ። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ለአምስቱ የጆሮ ነጥቦች ብቻ የሠለጠኑ ነርሶችና የሱስ አማካሪዎች እንዲሠሩ ሕጉ ይፈቅዳል፤ በሌሎቹ ሙሉ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው። መርፌው ታሽጎ የመጣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፤ ሄፓታይተስና ኤች አይ ቪ በተስፋፉበት የታማሚዎች ክበብ ውስጥ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ጥንቁቅ ባለሙያ የገባውን መርፌ ቆጥሮ የወጣውንም ይቆጥራል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም በመርፌ የሚደነግጥ ሰው አስቀድሞ ይናገር። ከሕክምናው በኋላ ጆሮው ቀልቶ ካበጠና ካተኮሰ ሐኪም ይየው፤ የጆሮ ለምለም አጥንት ሲመረቅዝ በቶሎ ካልታከመ የጆሮን ቅርጽ ያበላሻል።

ዋጋን በተመለከተ፣ አስቀድሞ ለብዙ ክፍለ ጊዜ እንድትከፍሉ የሚጠይቅ ማዕከል አጠራጣሪ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ የምክር አገልግሎቱን በአማርኛ አስተርጓሚ ለማግኘት ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ቋንቋው ስለከበደ ብቻ ምክሩን ትቶ መርፌውን ብቻ የሚከታተል ታማሚ የሕክምናውን ትልቁን ክፍል እያጣ ነው።

መርፌው ከተጀመረ በኋላ ለስምንት ሳምንት ያህል ታማሚው እንቅልፉን፣ ሐራራውንና ጭንቀቱን በአጭሩ እየጻፈ ቢመዘግብ ለውጡ በግምት ሳይሆን በማየት ይታወቃል። ከቀለለው ይቀጥል። ካልቀለለው መርፌውን ይተው፤ ሜታዶኑን፣ ምክሩንና ቀጠሮውን ግን እንደያዘ ይቆይ። በቤት ውስጥ ኦፒዮይድ የሚጠቀም ወይም በቅርቡ ያቆመ ሰው ካለ፣ መርፌ ተመረጠም አልተመረጠም፣ ከመጠን በላይ ኦፒዮይድ ወስዶ ትንፋሹ የቆመን ሰው የሚያድነው ናሎክሶን የተባለው የአፍንጫ ርጭት ከቤቱ አይታጣ፤ በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ይገዛል፤ ከብዙ የጤና ቢሮዎችም በነጻ ይገኛል።